መሬት እስኪረግጥ

ኅዳር 3 ቀን 2001፣ ረቡዕ

ችሎት አልተሰየመም። ዳኛው ስብሰባ ናቸው ተባለ። የምን ስብሰባ? የሚያውቅ የለም። ባለጉዳዩ ሁሉ ግንቡ ሥር ተኮልኩሎ ፀሐይ ሲሞቅ ቆየና «በሌላ ቀን» ተብሎ ተበተነ። ሬጅስትራሯን ጠየቅኳት። «እኔን ምን ያደርጉኛል ጋሼ፣ እኔ አልሰበሰብኳቸው» አለች። እውነቷን ነው። እዚህ አገር ሁሉም እውነቱን ነው፤ ኃላፊ የሚባለው ሰው ብቻ አይገኝም።

ደንበኛዬ ዘማርያምም ተመለሰ። ከጨሞጋ ማዶ በእግሩ የመጣ ገበሬ። ጉዳዩ የበቅሎ ነው። ነሐሴ ላይ የሌላ ሰው በቅሎ ወንዙ ሲወስዳት አየ፤ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ገባና አወጣት። እግሯ ተጎድቷል። ባለቤቷን ቢያስጠራው «ያወጣሃት አንተ፣ ያዛት አንተ» አለው። አንካሳ በቅሎ ምን ትሠራለታለች? ዘማርያም ቢለቃት ጅብ ይበላታል፤ ጅብ ቢበላት ያው ባለቤት ከሳሽ ሆኖ ይመጣል። ይኸው ለበሬዎቹ ያስቀመጠውን ድርቆሽ እየጨረሰችበት ነው። ባለፈው ቀጠሮ ዳኛው እየሳቁ «ሲጀመር ለምን አወጣሃት?» አሉት።

«ስትሰጥም አየኋታ፣ ጌታዬ።»

ችሎቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከሰዓት ዘነበ። በኅዳር… ጤፉ ገና አልታጨደም። ባለቤቴ ጥሩነሽ «ፊትህ ቀልቷል፣ መድኃኒትህን ውጠሃል?» አለችኝ። ውጫለሁ። ፊቴን የሚያቀላው የደም ግፊት ብቻ ይመስላታል?

ኅዳር 5፣ ዓርብ

የአንሙት ድምፅ ከጠፋ ወር አለፈው። የእህቴ ልጅ ነው፤ እኔ ቤት ሆኖ ነው የተማረው። ደምበጫ መምህር ነበር። ከምርጫው በኋላ ታሰረ፤ ሲፈታ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ጠበቀው። እኔው ከሰስኩ፣ እኔው ተከራከርኩ፣ እኔው ተሸነፍኩ። ሊሄድ ሲነሳ «አትሂድ» አልኩት። «እሺ ጋሼ፣ የት ልቀመጥ?» አለኝ። መጨረሻ የደወለው ከሊቢያ ነው። «ባሕሩ ጸጥ ሲል እንሻገራለን።» ባሕር በኅዳር ጸጥ ይላል እንዴ?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ገዳሙ ከቁይ ደወለ። የአንሙት እናት፣ የእህቴ የሥራነሽ ቀበሌ ሊቀ መንበር ነው፤ ደህና ሰው ነው። «ነገ ሳይነጋ ድረስ፣ ጋሽ አምሳሉ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። መጨመርም አያስፈልገውም። «ሳይነጋ ድረስ» ከተባለ መርዶ ነው።

ኅዳር 10፣ ቁይ

በሥራነሽ አጥር ጀርባ፣ በጨለማው፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። እሷ ገና አልነቃችም። ገዳሙን ወደ ጎን ሳብኩት።

«ማን ነው የተናገረው?»

«አንድ የሞጣ ልጅ ከሊቢያ ለወንድሙ ደወለ። የነአንሙት ጀልባ ሰጠመች ብሎ። ወንድሙ ነገረኝ።»

«ልጁ አይቷል?»

«ያየ ሰው ነገረኝ ነው ያለው።»

«ያየው ሰው ለልጁ፣ ልጁ ለወንድሙ፣ ወንድሙ ለአንተ። አንሙትን ሲሰጥም ማን አየ?»

«ባሕር ነው'ኮ ጋሽ አምሳሉ። ማን ዳር ቆሞ ያያል?»

«እንግዲያው አትንገሯት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መርጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ «ልጄ፣ የሞተ ሰው ሳይለቀስለት ቢቀርስ?» አሉኝ።

«ያልሞተ ቢለቀስለትስ?»

«ያ ስሕተት ነው። ይህ ግን ነውር ነው።»

ገቡ። ጩኸቷን ሰማሁ።

ረፋድ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ሬሳ የለም። አልጋ አወጡና የምርቃት ፎቶውንና የሚያስተምርበትን ሰማያዊ ካፖርት አጋደሙበት። ደረት ተደቃ፣ ሙሾ ወጣ፣ ፍትሐቱ ተፈታ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ጠበቃው ለገዛ እህቱ ልጅም ማስረጃ ይጠይቃል» ስትል ሰማሁ። አዎ፣ እጠይቃለሁ። ለእሱ ካልጠየቅኩ ለማን ልጠይቅ?

«አያ፣ ተቀመጥልኝ» አለችኝ ሥራነሽ። ድምፅ አልቀረላትም።

አልተቀመጥኩም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ሣልስቱ ወጣ፤ ወደ ቤቴ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። ሥራነሽ ጸጉሯን ተላጭታ ከል ለብሳለች። ጥሩነሽ እራት አቅርባልኝ ፊቷን አዞረች። «ለእሷ ብለህ ብትቀመጥ ምን ትሆን ነበር?» መቀመጥ ማመን ነው። እኔ አላመንኩም። አላመንኩም ወይስ እልህ ነው…

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ረጅም ቁጥር።

«ጋሼ…»

ግድግዳውን ያዝኩ። «አንሙት?»

«እኔ ነኝ። ካፒቴኑ ነው ያስደወለኝ፣ ቶሎ ልንገርህ። መርከብ ላይ ነን፣ ስንዴ የጫነ የንግድ መርከብ። ጀልባችን ስትሰጥም እነሱ አወጡን።»

«ሁላችሁንም?»

«ግማሻችንን።»

«የት ሊያወርዷችሁ ነው?»

«የትም። ቆመናል። የአጠገባችን ደሴት መንግሥት ‹ከማዶ ወዳለው ትልቅ አገር ውሰዳቸው› ይላል። ትልቁ አገር ‹ለአንተ የምትቀርበው ደሴቷ ናት› ይላል። ወደቡ'ኮ ይታየኛል ጋሼ። መኪና ሲሄድ ሁሉ ይታየኛል።» ተቋረጠ።

የሁለቱን አገሮች ስም እዚህ አልጽፍም። ደብተሩ የኔ ነው። እነሱ እሱን አላስገቡትም፣ እኔም እነሱን አላስገባም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ ቁይ

ለእናቱ ልነግራት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። መርዶ ለመንገር ሥርዓት አለን፤ ሰዓቱ፣ ሽማግሌው፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን እጇን እንደሚይዝ። «የለቀስሽለት ልጅ አልሞተም» ለማለት ግን ሥርዓት የለንም። ማን ቀድሞ ይገባል?

ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ተሞልቷል። ወደ ጓሮ፣ ወደ ድርቆሹ ክምር ወሰድኳትና ነገርኳት። አልጮኸችም።

«ደላላ ነው፣ አያ። ገንዘብ ለማስላክ ድምፅ እያስመሰሉ ይደውላሉ አሉ።»

«ድምፁን እኔ አጣዋለሁ?»

«አንተ ስላልተቀመጥክ ነው የሰማኸው።»

ምን ማለቷ ነው? መልሶ ቢደውል በጆሮዋ እንድትሰማው እሑድ ማርቆስ እንድትመጣ ተስማማን። ለሰው «ጠበል ልጠመቅ ነው» ብላ።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ደወለ። ስልኩን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችው፣ እንደ ጽዋ። «ልጄ» አላለችም። «ክርስትና ስምህ ማነው?» አለችው።

ነገራት። እኔ እንኳ አላውቀውም ነበር፤ እናትና ቄስ ብቻ የሚያውቁት ነው። ፊቷ ሲቀየር አየሁ። ከዚያ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «በላህ?»

በልቻለሁ አላት። መርከበኞቹ ለሕፃናቱና ለሴቶቹ አልጋቸውን ለቀው ተራ በተራ እንደሚተኙ ነገራት። «እግዜር ይስጣቸው በላቸው» አለች። «ቋንቋቸውን ታውቃለህ?» ቀጥሎ «መሬት ስትረግጥ ከሌን አወልቃለሁ» አለችውና ስልኩን መለሰችልኝ።

ከዚያ እኔንና ጥሩነሽን አስማለችን። «መሬት እስኪረግጥ ለማንም። ለገዳሙም፣ ለመርጌታም።»

«ለምን?»

«ውኃ ላይ ያለ ሰው ገና በእግዜር እጅ ነው። ያልደረሰ ደስታ በአፍ ይበላል።»

ተከራከርኳት። ሰው ሁሉ እያለቀሰልሽ እንዴት ዝም ትያለሽ፣ ይህ ሐሰት ነው አልኳት።

«አንተ ባለፈው የፈለግከውን አደረግክ፣ አያ። አሁን የኔን አድርግ።»

ማልኩ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ባሕር ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ምጽዋ፣ ተማሪ ሳለሁ። ያኔ የባሕር ሕግ እንማር ነበር፤ ባሕርም ነበረን። አሁን ባሕሩም የለ፣ ሕጉም የሚያገለግለን መስሎኝ አያውቅም ነበር። የድሮ ማስታወሻዬን አገላበጥኩ፣ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አዲሱንም ፈለግኩ።

ካፒቴን የሚሰጥም ሰው ካየ ማንሳት ግዴታው ነው። የማን ዜጋ ነህ፣ ለምን ወጣህ ብሎ መጠየቅ የለም። እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ካነሳቸው በኋላስ? የዚያ ባሕር የማዳን ኃላፊነት ያለበት መንግሥት ደህና ቦታ የሚያርፉበትን «ያመቻቻል» ይላል። ያመቻቻል። ይቀበላል አይልም። አንደኛዋ አገር ይህንንም ፈርማለች፣ ሌላዋ አልፈረመችም። የመርከቡ ባንዲራ ደግሞ ባለቤቱ ረግጧት የማያውቅ የሌላ አገር ነው፤ እሷም «እኔ ባንዲራ አከራየሁ እንጂ ሰው አልጫንኩም» ሳትል አትቀርም። ካፒቴኑ ብቻውን ግዴታውን ተወጣ፤ አሁን የሁሉም ዕዳ የእሱ ሆነ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰጥም ሰው ሲያይ መሪውን ቢያዞር ማን ይፈርድበታል? የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። መንግሥታት ሰው መግደል አያስፈልጋቸውም፤ አዳኙን ማሰልቸት ይበቃቸዋል።

የኛስ? አንድ ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። ልጁ ከወንበሩ አልተነሳም። «በሕገ ወጥ መንገድ የወጡ ናቸው። እኛን አይመለከትም።» ማንን ይመለከታል? «ያወጣቸውን።» የበቅሎዋን ባለቤት የሰማሁ መሰለኝ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

በቅሎዋ ተፈረደላት። ባለቤቷ ዛሬውኑ እንዲወስዳት፣ ለዘማርያም የመኖዋን ወጪና የድካሙን እንዲከፍል። ዳኛው «አዳኝ የሚቀጣ ከሆነ ነገ ማን ወንዝ ይገባል?» ብለው ፈረዱ። መልካም ፍርድ ነው። ስለ ፍርዱ ላመሰግናቸው ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ።

ዘማርያም ደጅ ላይ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ያዝኩት። «ለምደናት ነበር፣ ጋሼ» አለኝ። «ልጆቹ ስም አውጥተውላታል።»

ለአንካሳ በቅሎ ሕግ አለ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

አንሙት ደወለ። ንፋስ ነው፣ ድምፁ ይቆራረጣል። የመርከቡ ባለቤት ካፒቴኑን «መንገድህን ቀጥል፣ ስንዴው ዘገየ» ብሎ አዞታል። ካፒቴኑ እምቢ አለ። ውኃ በጽዋ ነው የሚታደለው።

«ግን ተስፋ አለ ጋሼ። በስተሰሜን ያለች አንዲት አገር ጥቂት ሰው እወስዳለሁ ብላለች። ማንነቱ የተረጋገጠለትን ብቻ። ስማችንን መዘገቡ።»

«ከማን ነው የሚያረጋግጡት?»

«ከአገራችን።»

ጮኽኩበት። «ካሰረህ መንግሥት? የሸሸኸውን በር አንኳኩተው ‹ልጃችሁ ነው ወይ?› ሊሉ ነው? ይህ በየትኛው ሕግ ይፈቀዳል? ለምን ሰጠሃቸው?»

በቀስታ «ጋሼ፣ ሕጉን ለመርከቧ ልንገራት?» አለኝ።

ያስቃል። አልሳቅኩም።

«የት ነበርክ ብለው ጠየቁህ?»

«ደምበጫ መምህር ነበርኩ አልኳቸው።»

ኅዳር 28፣ እሑድ፣ ቁይ

ሥራነሽን ላያት ሄድኩ። ለቅሶ ደራሽ ከደብረ ወርቅ መጥቶባታል፤ የሟቹ ባሏ ዘመዶች። ሲገቡ ጮኹ። እሷም ጮኸች። እንባዋ እውነተኛ ነው፤ ፊቷን ነጨች። ለሕያው ልጇ። ቀና ስትል ዓይናችን ገጠመ። ቶሎ አጎነበሰች።

ሲሄዱ «እንዴት ታደርጊዋለሽ?» አልኳት።

«ባሕር ላይ አይደለም እንዴ? አለቅስለታለሁ።»

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ደምበጫ ሄጄ ዋልኩ። ስለ አንሙት ቢጠይቁ የሚጠይቁት ትምህርት ቤቱን ነው ብዬ። ርዕሰ መምህሩ በሩን ዘግቶ አናገረኝ። ማንም አልደወለልኝም አለ። ከደወሉ እዚህ እንዳስተማረ እመሰክራለሁ፣ ስለ እስሩ ግን አታንሳብኝ አለ። ይህም ከርሱ ብዙ ነው። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ገዳሙ ደወለ። ድምፁ የተደሰተ ሰው ድምፅ ነው።

«ጋሽ አምሳሉ፣ ትናንት ከላይ ደውለውልኝ ነበር። ስለ አንሙት። መንግሥት ቢረሳውም መልሶ አስታወሰው ብዬ ለሥራነሽ ደስ አለኝ።»

«ምን ብለው ጠየቁህ?»

«እንዲህ የሚባል የዚህ ተወላጅ ታውቃለህ ወይ ብለው። በደንብ አውቃለሁ አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«እውነቱን ነገርኳቸው እንጂ። ሞቷል። ለቅሶውን ተቀምጠናል፣ ፍትሐቱም ደርሷል፣ ቀበሌው ሁሉ ምስክር ነው አልኳቸው።»

ቀበሌው ሁሉ ምስክር ነው…

ነገርኩት። መሐላዬን አፈረስኩ። ከወዲያ በኩል ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል።

«ሕያው ነው?»

«ሕያው ነው።»

«ታዲያ ምነው ለኔ…» አልጨረሰውም።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ፣ ቁይ

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ገዳሙ ለዚያው ለላይኛው ሰው ደወለ። ድምፁን ክፍት አደረገው።

«ከትናንት ወዲያ ሞቷል አልከኝ፣ ዛሬ ድኗል ትለኛለህ። ሰው በሦስተኛው ቀን የሚነሳው እናንተ ዘንድ ነው እንዴ?» አለ ሰውዬው። የሚስቅም ሰው አጠገቡ አለ።

«ተሳስተን ነው ጌታዬ። በወሬ ነው የለቀስነው።»

«ፍትሐት ደርሷል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ደርሷል። ግን አልሞተም። እናቱ አነጋግራዋለች። በክርስትና ስሙ ለይታዋለች።»

«እናት ማስረጃ አትሆንም።»

ስልኩን ነጠቅኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። የሸሸ ሰው ማንነት ከሸሸው መንግሥት ዘንድ እንደማይጣራ፣ ቢጣራም የቃል ስሕተት በማንኛውም ጊዜ እንደሚታረም ነገርኩት። እስክጨርስ አዳመጠኝ፤ ይህን አልክድበትም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ትክክል ነዎት» አለኝ። «እኔ ግን የተጠየቅኩትን መለስኩ፣ መልሱም ሄዷል። አሁን የኔ ጉዳይ አይደለም።»

ደግሞ አንድ ትክክለኛ ሰው።

ስንወጣ ገዳሙ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። «በምላሴ» አለ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው፣ አፈር ላይ አብሯት ያደረው እሱ ነው። ምን ብዬ ልቆጣው? ዝም በሉ ያለችው ሥራነሽ ናት፣ የማልኩት እኔ ነኝ፣ የደወለው ታዟል፣ ያዘዘው ተጠይቋል። ያላስገቡት ሁለቱ መንግሥታት ደግሞ ወደባቸው ላይ ሆነው ያዩት ነበር። ቆሞ ያዩት ነበር።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የውጭው ሬዲዮ በአማርኛ ዜናው አነሳው። «የመርከቧ ጉዳይ በመግባባት ተፈታ።» ሁለቱ መንግሥታት አንዱ ሌላውን አመሰገነ። ገሚሶቹ ወደ ሰሜን ተወስደዋል፣ «ማንነታቸው ያልተረጋገጠ ቀሪዎች ወደ ተነሱበት ተመልሰዋል»። ቀጥሎ የእግር ኳስ ውጤት።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ሂዊ የምትባል ልጅ ደወለች። መርከቡ ላይ ነበረች፣ ሰሜን ከወሰዷቸው አንዷ ናት። ስልክ ቁጥሬን አንሙት በክንዷ ላይ ጽፎላታል። እያለቀሰች ስለነበር ቀስ በይ አልኳት።

«ለሁላችንም ሲያስተረጉም የከረመው እሱ ነው፣ ጋሼ። ወሳጆቻችን ከያዙት ዝርዝር የሁላችንን ስም ጠርቶ ሲጨርስ የራሱን አጣው። ጠየቃቸው። ‹ይህ የሞተ ሰው ስም ነው› አሉት። ሳቀ። እኛም ሳቅን፣ ቀልድ መስሎን።»

«ካፒቴኑስ?»

«‹ይኸው፣ ቆሟል፣ ይናገራል› አላቸው ትከሻውን ይዞ። ‹ለኛ የተጻፈልን ሌላ ነው› አሉት። ከሌሎቹ ጋር በጠባቂ ጀልባ ጫኑት። ወደ ሊቢያ።»

«ምን አለ?»

«‹መሬት ረገጠ በይልኝ ለእናቴ› አለኝ። ‹ከሏን ታውልቅ›።»

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ፣ ቁይ

ነገርኳት። በትክክል እሱ ያለውን። «መሬት ረገጠ፣ ከልሽን አውልቂ ብሏል።»

የትኛውን መሬት አላለችኝም። እኔም አልጨመርኩም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ከዚያ ተነስታ ጓዳ ገባችና ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። የተላጨ ራሷ ላይ ነጭ ሻሽ። ጎረቤቶቿ ሲያዩዋት ደነገጡ፤ «ልጄ በሕይወት አለ» ስትላቸው እልልታው ቁይን ሞላው።

ገዳሙ በሩ ጋ ቆሞ አየኝ። የትኛው መሬት እንደሆነ ቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ያውቃል። ሁለታችን ብቻ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ዛሬ አርባው ነበር። ለተዝካሩ የተዘጋጀው እህል ለምስጋና ዋለ አሉ። መርጌታ «የጠፋው ተገኘ» ብለው አስተማሩ አሉ። አልሄድኩም።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ስልክ የለም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሂዊ ደወለች። የመለሷቸውን በረሃ ውስጥ ያለ መጋዘን ዘግተውባቸው ነበር። አንድ ልጅ አምልጦ ወጥቷል። ከአንሙት ጋር የታሰረ ሰው ነግሮት… ትኩሳት ያዘው፣ ውኃ ለመኑለት፣ አልሰጧቸውም፣ በጥር መጨረሻ።

ያየው ሰው ለልጁ፣ ልጁ ለሂዊ፣ ሂዊ ለኔ። ያው የኅዳሩ ሰንሰለት ነው። ያኔ አላመንኩም። ዛሬ ሰምቼ ሳልጨርስ አመንኩ። ለምን?

ባሕር እንደገደለው አላመንኩም ነበር። እነዚህ ግን ይችላሉ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ፣ ቁይ

ሳይነጋ ደረስኩ። አጥሩ ጀርባ ገዳሙና መርጌታ ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ገዳሙ በየቤታቸው ዞሮ ለምኗቸዋል። «አንዴ ለቅሰናል» ብለውታል። «ልጁን በቁሙ ቀበርን፣ አሁን ደግሞ ሁለተኛ?» ድንኳኑንም አልሰጡም። መርጌታ ዘንጋቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። «ፍትሐቱ ደርሶለታል» አሉ። «ለአንድ ነፍስ ሁለት ጊዜ አይፈታም።» ሌላ ቀን ቢሆን እከራከራቸው ነበር።

ገባን። ሥራነሽ እሳት አያይዛ ነበር። ነጭ ለብሳለች፤ ጸጉሯ በቅሏል። ሦስታችንን በዚያ ሰዓት ስታይ ገባት። የሚይዛት ሰው ሳይቀርብ እጇን አነሳች።

«ማን ተናገረ?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ለቅሶው ስሙን ከዝርዝሩ እንዳስወጣው፣ ወደ ሊቢያ እንደመለሱት፣ መጋዘኑንም።

«ልጁ አይቷል?»

«አብሮት የታሰረ ሰው ነግሮት ነው።»

«ያየው ለልጁ፣ ልጁ ለልጅቷ፣ ልጅቷ ላንተ። ሲሞት ማን አየ፣ አያ? መሬት ረግጧል ያልከኝ አንተ ነህ። አላለቅስም። አንድ ጊዜ አስለቅሳችሁ ልጄን አሳጣችሁኝ።» ገዳሙ ወደ ውጭ ወጣ።

ወደ እሳቷ ተመለሰች። አላስወጣችንም፣ አላነጋገረችንም።

ግቢው ውስጥ፣ በኅዳር ድንኳኑ የቆመበት ቦታ ሄድኩ። የካስማው ጉድጓድ አሁንም አለ። ጫማዬን አወለቅኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ወጣች። ወደ ገበያ የሚያልፍ ሰው በአጥሩ በኩል እያየኝ አለፈ። አንዱ «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ። ገዳሙ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ።

ረፋድ ላይ ሥራነሽ በሩ ላይ ቆመች።

«ተነስ፣ አያ። ሟርት አትሁንብኝ።»

አልተነሳሁም።